አትክልት ተራ ቦታ ቀየረ፤ ጭቃውስ?

ከእስራኤል ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው፣ የቤቱ እመቤት «ለድግሱ ሽንኩርት በጅምላ ይሻላል» ካሉ መንገዱ ወደ አትክልት ተራ ነው። ሹክ ውስጥ ያደገ ሰው በጩኸቱና በግፊያው ብዙም አይደነቅም። የሚያስደነግጠው እግር ስር ያለው ነው።

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን አሮጌውን አትክልት ተራ የሚያውቅ አይረሳውም። የጎመን ቅጠልና የበሰበሰ ቲማቲም ከጭቃ ጋር ተቦክቶ፣ ተሸካሚው ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት አዝሎ «ዞር በሉ!» እያለ በዚያ ላይ ይሮጣል። ቢያዳልጠው ማን ይጠየቃል? ማንም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሜዳው ሰፊ ስለነበር ሰዉ ተራርቆ ይገበያያል ተባለ። ክረምቱ ሲገባ ግን ሜዳው ራሱ ጭቃ ሆነ። ጃን ሜዳ የጥምቀት በዓል ማክበሪያ ስለሆነ በዓሉ ሳይደርስ ነጋዴዎቹ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወሩ፤ ሜዳውም ተጸዳ። ለካ ሲፈለግ ማጽዳት ይቻላል!

ገበያን ማዛወር በራሱ ጥፋት አይደለም። ቴል አቪቭም የጅምላ ገበያዋን ከመሃል ከተማ አውጥታ ወደ ጽሪፊን ልካለች፤ በቦታው ዛሬ ፎቆች ቆመዋል። አዲስ አበባም ብትሆን ለዚህ አዲስ አይደለችም፤ የአራዳ ገበያ በጣሊያን ዘመን ነው ወደ መርካቶ የሄደው። ጥያቄው ከተዛወረ በኋላ ማን ይንከባከበዋል የሚለው ነው።

ነገሩ የንጽሕና ብቻ አይደለም፣ የኪስ ጉዳይም ነው። ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣው ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተደራርቦ በአይሱዙ ይጫናል። የላዩ የታችኛውን ይጨፈልቃል። ሲራገፍ ጥላና ማቀዝቀዣ ካላገኘ ፀሐይ ላይ ይውላል። ነጋዴው የሚበላሸውን አስቀድሞ ያሰላና በደህናው ላይ ዋጋ ይጨምራል። ለገበሬው ደግሞ ደላላው «ዕቃህ ተበላሽቷል» ብሎ ይቀንስበታል። የበሰበሰውን ቲማቲም ማንም አይበላውም፤ ሒሳቡን ግን ገበሬውም ሸማቹም ይከፍላሉ። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደሚባለው፣ መለኪያና ሥርዓት በሌለበት የሚያተርፈው መሃል ላይ የቆመው ነው።

«ገበያው ካማረ ኪራይ ይጨምራል፣ ዋጋም ይወደዳል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው። ግን ብስባሽና ዝናብም ኪራይ እየሰበሰቡ ነው፤ ያውም ያለ ደረሰኝ። ደግሞ የሚያስፈልገው የመስታወት ሕንፃ አይደለም። የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ጣሪያ፣ በየቀኑ የሚመጣ የቆሻሻ መኪና፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠሩት ጫኝና አውራጆች መጸዳጃ ቤትና የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ከነጋዴው የሚሰበሰበው ገንዘብም ለዚሁ መዋሉ በግልጽ ይነገር።

የአንድ ገበያ ደህንነት በምረቃ ቀን አይታወቅም፤ ያን ቀን ሁሉም ነገር ያምራል። ነሐሴ ላይ፣ ዶፍ ከወረደ በኋላ፣ ያ ተሸካሚ ሳያዳልጠው ጭነቱን ካደረሰ፣ ያኔ አትክልት ተራ በእርግጥ ተለወጠ ማለት ይቻላል።