በኀፍረት የተሸፈነ ደዌ

ሰው ዓይኑን ሲታመም ለጎረቤቱ ይናገራል፤ እግሩ ሲሰበር ወጌሻ ያስጠራል። በኀፍረት ሥፍራ ያለ ደዌ ግን እንደዚህ አይደለም። ታማሚዋ ስለምትሰውረው፣ ዘመድም ስለማይጠይቅ፣ ሐኪምም ሳያየው ስለሚቈይ፣ ጊዜ አግኝቶ ሥር ይሰዳል። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም የተባለውም ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ እናቶችን ከልጆቻቸው የሚለየው የማኅፀን በር ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው ደዌ ከዚህ ወገን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ወደ 660,000 የሚጠጉ ሴቶች በዚህ ደዌ አዲስ ሲያዙ፣ 350,000 ያህል ሴቶች ሞተውበታል። ከሞቱትም ውስጥ ከመቶው 94 ያህሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በኢትዮጵያም ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሴቶች ላይ የሚበዛው ይኸው ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ5,000 የሚበልጡ ሴቶች እንደሚሞቱበት ይገመታል። የሚያሳዝነውም የቍጥሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ሊታወቅና ሊከለከል የሚቻል ደዌ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ሰው ማጥፋቱ ነው።

ደዌው በርግማን ወይም በዓይነ ጥላ የሚመጣ አይደለም። ምክንያቱ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል፣ በሩካቤ የሚተላለፍ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐራልድ ዙር ሐውዘን ይህን መርምሮ ስለ ገለጸ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ተሐዋሲው በዓለም ሁሉ እጅግ የተሰራጨ ስለ ሆነ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ በብዙዎቹም ላይ የሰውነት ኀይል ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ የታመመችውን ሴት በጠባይዋ መንቀፍ ከዕውቀት ማነስ የሚመጣ ስሕተት ነው፤ በሕግ ጋብቻ ተወስና የኖረች ሴትም ልትያዝ ትችላለችና።

ተሐዋሲው ሳይጠፋ በቀረባት ሴት ላይ ግን የማኅፀኑን በር ሥጋ ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤች.አይ.ቪ. ይዟት ሕክምና ላላገኘች ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል። ይህም አንዲት ልጅ ተወልዳ አድጋ ለአካለ መጠን እስክትደርስ ያለውን ዘመን ያህላል። ይህን ያህል ቀጠሮ ሰጥቶ የሚመጣ ጠላት ሳይታይ ከቤት መግባቱ በር ጠባቂ ስለ ሌለ ነው።

የጥበቃውም ሥራ ከባድ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ትውልዱ ከግሪክ የሆነው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከባልደረባው ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሴቲቱ አካል የተወሰደ ናሙና በአጉሊ መነጽር ሲታይ ደዌው እንደሚገለጥ አስረድቷል። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት ምርመራ ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነው። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ የማኅፀኑን በር በተመጠነ አቸቶ ትቀባዋለች፤ የተለወጠ ሥፍራ ቢኖር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያም ሥፍራ ገና ካንሰር ያልሆነ ሲሆን በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ በዚያው ቀን ሊተኰስ ይቻላል፤ ሴቲቱም በእግሯ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህ ምርመራ ይልቁንም ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሚሆናቸው ሴቶች የታሰበ ነው።

ለልጃገረዶችም ክትባት አለ። በመላ ኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሰጠውም 14 ዓመት ለሆናቸው ነው። ክትባቱ ልጆችን ያመክናል እየተባለ የሚወራው ነገር ሐሰት ነው፤ ይህን ወሬ ሰምቶ ልጁን የሚያስቀር አባትም ልጁን የጠበቀ መስሎት ለአደጋ ይተዋታል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ሳለ መንገዱን የዘጋው ዝምታ ነው። ዝምታውንም ለመስበር ከካህናት የሚቀርብ ማንም የለም። ደም የሚፈሳት ሴት ከቤተ መቅደስ ርቃ በቅጽር መቆም ልማድ ስለ ሆነ፣ የሴቲቱን መቅረት ከባለቤቷ ይልቅ የነፍስ አባቷ ቀድሞ ሊያስተውለው ይችላል። ደሙ ከወራቱ ውጭ ሲመጣ፣ ከሩካቤ በኋላ ሲታይ፣ ይልቁንም የወር አበባ ከተቋረጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲመለስ፣ ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲከተል፣ ይህ የተፈጥሮ ልማድ ሳይሆን ሐኪም የሚያሻው ምልክት ነው። የማኅፀኑ አካል ካንሰርም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በዚሁ ባልታሰበ ደም ነው። የእንቍላል ዕጢ ካንሰር ግን እንዲህ ያለ የቅድሚያ ምርመራ ስለ ሌለው፣ ሆዷ ሳይታወቅ የሚነፋባትና ጥቂት በልታ የምትጠግብ ሴት ሳትዘገይ መታየት ይገባታል።

በወንጌል የተነገረላት፣ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ገንዘቧን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ተሰውራ ከኋላ መጣች። ጌታ ግን ተሰውራ እንድትሄድ አልተዋትም፤ በሕዝብ ፊት ተናገረች፣ አልተነቀፈችም፣ በሰላምም ተሸኘች። ይህን ታሪክ የሚያነብና የሚተረጕም ካህን፣ ንስሐ ልጁን «ልጄ ሆይ፣ ሐኪም አይቶሻልን?» ብሎ ቢጠይቅ ከክብሩ የሚጐድልበት ነገር የለም። ወደ ጠበል የሄደችውንም ወደ ሐኪም ቤት እንድትሄድ ቢመክራት እምነቷን አያጐድልባትም።

የሹማምንት ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ ከልጃገረዶች ከመቶው 90ው 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች ከመቶው 70ው በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ደዌው ከተገኘባቸውም ከመቶው 90ው እንዲታከሙ ተወስኗል። ይህ ግን በጽሕፈት ቤት በተጻፈ ቃል ብቻ አይፈጸምም። የምርመራው መሣሪያ ተበላሽቶ ወር ሙሉ ሲቀመጥ፣ የሠለጠነችው ነርስ ወደ ሌላ ሥራ ስትዛወር፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣችውም ሴት ነገ ተመለሺ ስትባል፣ ያች ሴት ዳግመኛ አትመጣም።

ደዌው ከጸና በኋላ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና ነው። የጨረሩ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሴቶች ተራ ሲጠብቁ ደዌው ቀድሟቸዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሌሎች ከተሞችም መከፈት መጀመሩ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከገጠር ለምትመጣ ድኻ የመጓጓዣዋና የማደሪያዋ ነገር አብሮ ካልታሰበ ሕክምናው ተከፈተላት ማለት አይቻልም። ለመዳን ተስፋ ያለፈባትም ሴት ቢሆን የሥቃይ ማስታገሻ ተነፍጓት በሕመም ብዛት እየጮኸች እንድትሞት መተው አይገባም።

አንዲት እናት ስትሞት የሚፈርሰው አንድ ቤት ነው። ሹም መሣሪያውን ያሟላ፤ ካህን ቃሉን ይናገር፤ ባልም ሚስቱን ሳያሳፍር ወደ ሐኪም ይውሰዳት። ኀፍረትም መሆን የሚገባው መታመም ሳይሆን፣ መዳን ሲቻል በዝምታ መሞት ነው።