ማስተዋል በምስክር ወረቀት አይመዘንም

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አነጋገር በአገራችን እንደ ጥበብ ቃል ሲነገር ኖሮአል። የተማረ ሰው ብርቅ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት እንዲልክ ሳያበረታታው አልቀረምና፥ ለዚህ ውለታው ምስጋና ይገባዋል። ዛሬ ግን የሰውን አእምሮ በያዘው ወረቀት ብቻ ለመመዘን ለሚሹ ሰዎች መሸሸጊያ ሆኖአል። ስለዚህ በዝምታ ማለፍ የሚገባ አይመስለኝም።

ነገሩን ከሩቅ ሳላመጣ ከምኖርበት ከኮልፌ ቀራንዮ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ታስቦ ነዋሪዎች ለስብሰባ ተጠራን። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ፕላኑን ያመጡት ሰው ንግግራቸውን ሲፈጽሙ፥ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ አዛውንት ተነሥተው፥ «ልጆቼ፥ ውሃው በዚህ ሲወርድ አርባ ክረምት አይቼዋለሁ። ከመታጠፊያው ሲደርስ ቦዩን ዘሎ ወደ ቤቶቹ ይገባል፤ እዚያ ላይ አስፉት» አሉ። ባለ ፕላኑም «አባባ፥ ይህ እኮ በሒሳብ የተሠራ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ጉባኤው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሳቄ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን የአዛውንቱን ቃል በቃለ ጉባኤው አለማስፈሬ ነው። ማዕረግ የሌለው ሰው የተናገረው ለመዝገብ የሚበቃ አልመሰለኝም ነበር። በነሐሴ ወር ውሃው ከዚያው መታጠፊያ ላይ ቦዩን ዘሎ የጎረቤቶቼን ቤት ሞላው።

«ይህ የአንድ ሰው ስሕተት ነው፤ ትምህርትን አያስነቅፍም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ትምህርትን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ሒሳብ የሚሠራው በተሰጠው ቍጥር ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚወርድ፥ ሐምሌና ነሐሴም ከሁሉ እንደሚበረቱ መጽሐፍ ይነግረናል። ያ ዝናብ በዚያ ቍልቍለት፥ በዚያ መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ግን እዚያው ቆሞ ያየ ሰው ነው። ይህን ዕውቀት ጠይቆ መውሰድ የተማረው ሰው ግዴታ ነበር።

እንግዲህ ማስተዋል ምንድር ነው? የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል፥ ወጣት ሰው በጂኦሜትሪ ሊራቀቅ እንደሚችል፥ የኑሮን ጉዳይ አመዛዝኖ የመወሰን ጥበብ ግን ከልምድ የሚገኝ ስለ ሆነ ጊዜ እንደሚፈልግ አስተምሮአል። የፈረንሳዩ ዴካርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፥ ማስተዋል ለሰው ሁሉ በእኩል የታደለ መሆኑን ሲገልጽ፥ በሌላ ነገር የማይጠግብ ሰው እንኳ በዚህ ጎደለብኝ አይልም ሲል አሽሙር ቀላቅሎበታል። የእኛም ቋንቋ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ ብልህንና ብልጥን ለይቶ ያውቃል። ብልጥ ለራሱ የሚያተርፍበትን ያያል፤ ብልህ ግን ነገሩ ለሁሉ የሚበጅበትን ያያል። በየመሥሪያ ቤቱ ብልጡን እንደ ብልህ ቈጥረን ስንሾም፥ ብልሁን «ወረቀት የለውም» ብለን ከበር እንመልሳለን።

ጭቃ አቡኪውን ተመልከቱት። ጭዱ ከጭቃው ጋር ተረግጦ ለቀናት ካልሰነበተ ምርጊቱ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ግንበኛውም ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት እንደሚያብጥ፥ በበጋ ደርቆ እንደሚሰነጠቅ ስለሚያውቅ፥ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ መሠረቱን ያስቆፍራል። የአፈር ሊቅም የሚለን ይህንኑ ነው። ታዲያ በየምረቃው በዓል «ሳይማር ያስተማረኝ ሕዝብ» ስንል ሕዝቡን ማመስገናችን ነው ወይስ መስደባችን? ይህ ሰው ተምሮአል፤ የተማረበት ቤት ብቻ ከእኛው የተለየ ነው።

ነገር ግን «የአባቶች ልማድ ይበቃል» የሚሉትንም አልደግፍም። ደገኛው ሰው በክረምት መውጫ ቈላ ወርዶ ማደር ለንዳድ እንደሚያጋልጥ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ጥንቃቄውም ትክክል ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆንዋን ግን ልምድ ብቻውን አልነገረውም። ይህን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1897 ሮናልድ ሮስ በማይክሮስኮፕ ያደረገው ምርመራ ነው። ምን እንደሚሆን ልምድ ይነግረናል፤ ስለ ምን እንደሚሆን ሳይንስ ይገልጥልናል። ሁለቱ ሲናናቁ ግን የሚጎዳው ሕዝቡ ነው።

ኮልፌ ለዚህ የሚሆን መልካም ምሳሌ አላት። በ1954 ዓ.ም. ክረምት የደቡብ አፍሪካው ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ለመቀበል ወደዚሁ ወደ ኮልፌ፥ ወደ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር መጥተው ነበር። የሕግ ትምህርት የተማሩ፥ በጆሐንስበርግ የጥብቅና ቢሮ የከፈቱ፥ ዕድሜያቸውም ከአርባ ያለፈ ሰው ነበሩ። ይሁንና «እኔ የሕግ ዐዋቂ ነኝ» ብለው ሳይኰሩ፥ ተኵስንና የእግር ጕዞን ሥራውን ከሚያውቁት መኰንኖች ተማሩ። የተማረ ሰው ምልክቱ ይህ ነው፤ የማያውቀውን ከሚያውቀው ይጠይቃል።

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ካወጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። እኛ ስድቡን ከአንደበታችን አውጥተን በማመልከቻ ቅጽ ላይ አሰፈርነው። ልጁ ወደ ሙያ ትምህርት የገባ እንደ ሆነ ዛሬም ብዙ ወላጅ «ወደቀ» ይላል።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ሆይ፥ ሰው ስትቀጥሩ ወረቀቱን ካያችሁ በኋላ እጁንም እዩ። መምህራን ሆይ፥ ተማሪው የጠርሙስ ውሃ ለምን እንደሚፈላ ሲያጠና የእናቱን ምድጃም እንዲመለከት አድርጉት። ተማሪዎች ሆይ፥ «የተማረ ይግደለኝ» መባሉ አያኵራችሁ፤ ሕዝቡ ያስተማራችሁ እንድታድኑት ነው። እኔም ዛሬ ቃለ ጉባኤ በያዝሁ ቍጥር የሁሉንም ቃል እጽፋለሁ። የሽማግሌው ቃል ያን ጊዜ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ያነበው ነበር።