ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም



ባለፈው ወር ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አንድ የብድር ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ጠያቂዋ የሠፈራችን እናት ናቸው፤ ስማቸውን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። አሜሪካ ያለው ልጃቸው በፕላስቲክ የታሸገ አንድ የብር ሳንቲም ልኮላቸዋል። ማሸጊያው ላይ «70» የሚል ቁጥር አለበት። ይህን የሰማ አንድ ሻጭ መጥቶ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ከዓመት ዓመት ዋጋው የሚጨምር ነው፤ እንዲሁ ባለ 70 የሆነ አምስት ልስጥዎት» አላቸው። እሳቸውም ለመግዣ የሚሆን ገንዘብ ከመረዳጃችን ለመበደር መጡ። ኮሚቴው በኀሳብ ለሁለት ተከፈለ። እኔ «አይሆንም» ካሉት ወገን ስለሆንኩ ምክንያቴን ለሁሉም ግልጽ ማድረግ ይገባኛል።

እኔ የሳንቲም ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ልጃቸው የላከው ሳንቲም አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚያወጡት ንስር ያለበት የብር ሳንቲም ነው። ክብደቱ 31 ግራም ያህል ሲሆን ላዩ ላይ የተጻፈበት ዋጋ 1 ዶላር ነው። ለእንዲህ ያለው ሳንቲም ደረጃ የሚያወጡ ኩባንያዎች አሉ። ሳንቲሙ ሐሰተኛ አለመሆኑን ይመረምራሉ፤ ይዞታውን አይተው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡታል፤ ከዚያም ያሽጉታል። 70 ማለት አምስት እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ታይቶ እንከን ያልተገኘበት ማለት ነው።

ይህ ሥራ ጥቅም የለውም አልልም። አባቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ በሴትዮዋ ደረት ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ይቆጥሩ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ጥለውም ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ዋናው ጥያቄያቸው «እውነተኛ ነው ወይ?» የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ የኩባንያዎቹ ምርመራ ጥሩ ዋስትና ነው።

ችግሩ ያለው «ምን ያህል እንከን የለሽ ነው?» በሚለው ላይ ነው። ይህን የ70 ነጥብ ሚዛን ዊልያም ሼልደን የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጡት ለጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ነበር። በብዙ እጅ ያለፈውን አሮጌ ሳንቲም ካላለፈው መለየት አያስቸግርም። የዛሬው ግን ከማተሚያው ሲወጣ ጀምሮ ንጹሕ ነው። ለደረጃ ከሚላከውም አብዛኛው 69 ወይም 70 ያገኛል። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት በባዶ ዐይን የማትታይ አንዲት ጭረት ልትሆን ትችላለች። እሷን አይቶ የሚፈርደው ደግሞ ሰው ነው። ሁለት አስተማሪዎች አንድ ድርሰት ቢያርሙ እኩል ማርክ እንደማይሰጡ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። በዚህም ሙያ 69 ያገኘውን ከማሸጊያው አውጥተው እንደገና እየላኩ 70 እስኪያገኝ የሚሞክሩ ነጋዴዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ቢሳካላቸው የተለወጠው ወረቀቱ ነው፤ ሳንቲሙ ያው ነው። ዋጋው ግን ወረቀቱን ተከትሎ ይወጣል።

ደግሞም ብር ከታሸገ በኋላ ነጭ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ሳንቲሙ መልኩን ሲለውጥ ማሸጊያው ግን አሁንም «70» እያለ ይኖራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ይኸው ነው። ይህም ሳያንስ ማሸጊያውን ራሱን አስመስለው የሚሠሩ አሉ። በኩባንያው መዝገብ ቁጥሩን ማጣራት ይቻላል፤ ነገር ግን አጭበርባሪ የእውነተኛውን ቁጥር ሊገለብጥ ስለሚችል ፎቶግራፉንም ማስተያየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ እዚህ የሚሸጥለትን ሰው ማሰብ ነው። እኛ ሠፈር ያለ ብር ሠሪ ሳንቲሙን የሚገዛው በሚዛን ነው፤ ለ70ዋ ነጥብ አምስት ሳንቲም አይጨምርም። ሻጩን፣ «ከዓመት በኋላ በዚሁ ዋጋ መልሰህ ትገዛኛለህ? በጽሑፍ ስጠኝ» በሉት። ያን ጊዜ እሱ ራሱ ወረቀቱን ምን ያህል እንደሚያምነው ይታወቃል።

ስለዚህ በበኩሌ እማማ የልጃቸውን ስጦታ ማሸጊያውን ሳይከፍቱ በክብር ያስቀምጡት እላለሁ። የልጅ ስጦታ ነጥብ አይወጣለትም። በራሱ ገንዘብ መግዛት የሚፈልግም መብቱ ነው፤ ለመጨረሻዋ አንድ ነጥብ ብሎ ግን ብዙ አይክፈል። የመረዳጃው ገንዘብ ግን ከየቤቱ ለቀብርና ለታመመ የተዋጣ ነው። ሌሊት ሐዘን ሲደርስ ድንኳንና ንፍሮ የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ እንጂ በፕላስቲክ የታሸገ ቁጥር አይደለም።

ይህን የሚቃወም ኀሳብ ያለው አባል በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝቶ ቢናገር ደስ ይለኛል። ውሳኔው የሁላችንም ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ