የበረዶ ጎማ ይገዛ ወይ? መጀመሪያ ያለንን ጎማ ጎንበስ ብለን እንየው

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጎማ ነው። "የመስጂድ ሰው ስለ ጎማ ምን አገባው?" የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን በር ላይ አስቁሞ ጠየቀን። ትንሽ መኪና አለችው፣ ቪትዝ። ቤቱ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሥራው ግን ወደ ላይ፣ ወደ መንዝ ያመላልሰዋል። አንድ ቀን ከቀየት ሲመለስ መንገዱ በበረዶ ነጭ ሆኖ ስላገኘው ፎቶ አንስቶ ስዊድን ላለው ታላቅ ወንድሙ ላከለት። ታላቅየው ደነገጠ። "በዚህ መንገድ ያለ የበረዶ ጎማ መንዳት በነፍስ መቀለድ ነው" አለው። ይህን የሰማ አንድ ነጋዴ ደግሞ ከውጭ የመጣ ያገለገለ የበረዶ ጎማ አራቱንም አቀረበለት። ልጁ ገንዘብ ሊበደር ተነሥቷል። "ልግዛ? ወይስ ኢስራፍ ይሆንብኛል?" ነው ጥያቄው።

እኛ መካኒክ አይደለንም። ግን ሹፌሮችንና ጎሚስታዎችን ጠየቅን፣ ያገኘነውንም አነበብን። አጭሩ መልሳችን "አትግዛ" ነው። ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ጥያቄው ወደ ራሳችን የሚመለስ ሌላ ጥያቄ አስነሣብን።

የእነሱ በረዶና የኛ በረዶ

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። እኛ በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ አውሮፓ ላይ እንደ ጥጥ የሚነጠፈውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም "በረዶ" እንላለን። ስዊድን ውስጥ የወረደው በረዶ ለሳምንታትና ለወራት መሬት ላይ ይቆያል። መኪና ይረግጠዋል፣ ይጠጥራል፣ እንደ መስታወት ይሆናል። ለዚህ ነው የአገሪቱ ሕግ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ ከያዘው የበረዶ ጎማ የሚያስገድደው። የካናዳዋ ኩቤክም ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ታስገድዳለች። ታላቅ ወንድሙ ስላለበት አገር እውነት ተናግሯል።

በኛ አገር እንደ እነሱ ያለ በረዶ የሚታየው ራስ ደጀን ባለበት በሰሜን ተራሮች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ። መንዝ ላይ የሚወርደው ጠጠር በረዶ ነው። ማሳ ያወድማል፣ መንገድ ያነጣል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ሳሩን የሚያነጣው ውርጭም ፀሐይ ሞቅ ስትል ይሄዳል። ለአንድ ሰዓት በረዶ መድኃኒቱ ጎማ መቀየር አይደለም። ዳር ይዞ ቆሞ መጠበቅ ነው።

ጎማው ራሱ ምንድን ነው?

የበረዶ ጎማ ከተራው ጎማ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ላስቲኩ ለስላሳ ነው። ለሙቀት የተሠራ ጎማ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን እየጠጠረ ይሄዳል፤ የበረዶው ጎማ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ጥርሱ ላይ በምላጭ የተበጣ የሚመስል ብዙ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ በረዶውን ነክሶ እንዲይዝ ነው። እውነተኛው የበረዶ ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ይታተምበታል። "ኤም" እና "ኤስ" የሚሉት የፈረንጅ ፊደሎች ብቻ ካሉበት ጭቃና በረዶ ማለት ነው። ይህን አምራቹ ራሱ የሚጽፈው ነው፤ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን አያረጋግጥም።

በብርድ የሚጠቅመው ልስላሴ ታዲያ በሙቀት ይጎዳል። የበረዶ ጎማ በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም ለመቆም ከተራው ጎማ የበለጠ ርቀት ይወስዳል።

አሁን የኛን መንገድ አስቡት። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት መንዝ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሹፌር በዚያው ቀን ቆላ ወርዶ መስኮት ከፍቶ ይነዳል። ለአንድ ሰዓት በረዶ ብለህ የገዛኸው ጎማ ዓመቱን ሙሉ በቆላ አስፋልት ላይ ያልቅብሃል። ስዊድኖቹ እንኳ በጋ ሲገባ ፈትተው በሌላ ይቀይሩታል። እኛ ደጋና ቆላውን በአንድ ቀን የምንጨርስ ሰዎች የቱ ጋ ቆመን እንቀይረው?

"ለጭቃስ?" የሚል አለ። ክረምት ላይ ዋልካ መንገድ ውስጥ የገባች ቪትዝ ችግሯ ጎማ ብቻ አይደለም። ሆዷ ለመሬት ቅርብ ነው፤ የሚጎትቷትም ሁለት እግሮች ብቻ ናቸው። እዚያ ላይ መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ በእግር መሄድ ከየትኛውም ጎማ ይሻላል።

ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል። የበረዶ ጎማ ሲያረጅ ጠጥሮ ያ የተገዛበት ልስላሴ ይጠፋል። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ጎማ አይታችሁ ሳትታለሉ ይህን ቁጥር አንብቡ።

ጎማ የምትሸጡ ወንድሞችም ስሙን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ስላገኙት ነጋዴ ሁላችንም ቀርተናል። ያ ሰው ያደረገው የረጠበውን ከላይ በደረቅ መሸፈን ነው። ያረጀን ጎማ አጥቁሮ "አዲስ ነው" ማለት ያው ነገር ነው። ልዩነቱ፣ የረጠበ እህል ገንዘብ ያጠፋል፤ ያረጀ ጎማ ነፍስ ያጠፋል።

አሁን ወደ ራሳችን

ይህን ሁሉ ስናስረዳው ልጁ ደስ ብሎት ሊሄድ ሲል "አሁን ያለው ጎማህስ እንዴት ነው?" አልነው። ዝም አለ። አብረን ወጥተን አየነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ጥርሳቸው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።

እኛም የምንፈርድበት አፍ አልነበረንም። ባለፈው ነሐሴ ለጀናዛ ስንሄድ አምስት ሆነን በአንድ ወዳጃችን ትንሽ መኪና ተጭነን ነበር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ዝናብ ያዘን። አንድ ኩርባ ላይ ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ መኪናዋ ግን ዝም ብላ ተንሸራተተች። በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ባለው ቦይ ገባች። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። ወጥተን ዝናብ ላይ ቆመን ሁላችንም "ቀደር ነው" አልን። ኪታብ የቀራነው እኛም ጭምር።

ሊያወጣን የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ በመዳፉ ዳሰሰና "ይሄ እኮ ሊሾ ነው፤ ጥርስ የለውም" አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። የዚያን ቀን በረዶ አልነበረም። ውርጭም አልነበረም። ተራ የነሐሴ ዝናብና ያለቀ ጎማ ነበር። ከቤት ስንወጣ የጉዞ ዱዓእ አድርገናል፤ ጎማውን ግን ከአምስታችን አንድም ሰው አላየም።

ተወኩል ሰበብን ማድረስን አይሽርም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር እንዳዘዙት ሚንበር ላይ ስንት ጊዜ ተናግረናል! የዛሬ ግመላችን መኪናችን ነው፤ ገመዱም ጎማው ነው። አንድ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በአንድ መዳፍ ያህል ስፋት ብቻ ነው። አምስት ነፍስ በአራት መዳፍ ተይዞ ነው ያን ቁልቁለት የሚወርደው።

ሸሪዓችን ሊጠብቃቸው ከመጡት አምስት ነገሮች አንዱ ነፍስ ነው። በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ለሟች ቤተሰብ ዲያ አለበት፤ ከፋራም አለበት፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ላልቻለ ሁለት ወር በተከታታይ መፆም ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በፈረንጆች 1993 ብሩናይ ላይ ተሰብስቦ የትራፊክ ሕግን ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ መሆኑን፣ አሽከርካሪም በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ ጎማው ማለቁን እያወቀ ሰው የጫነ ሰው "ቀደር ነው" ብሎ ከኃላፊነት አይወጣም። ቀደር ማለት ሰበቡን ካደረስን በኋላ የሚመጣውን በትዕግሥት መቀበል ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?

1ኛ. ለበረዶ ጎማ ልታወጣ ባሰብከው ገንዘብ የመኪናህ ልክ የሆነ፣ ዝናብ ላይ የሚይዝ፣ ቅርብ ጊዜ የተሠራ ተራ ጎማ ግዛ። ይህ ኢስራፍ አይደለም። ኢስራፍ የማያስፈልገውን መግዛት ነው፤ የሚያስፈልገውን መንፈግ ደግሞ ስስት ነው። አቅም ለሁለት ብቻ ከሆነ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ። የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይዞራል፤ ያን መመለስ ይከብዳል። ከፊት የሚቀሩትም ጥርስ ያላቸው ይሁኑ።

2ኛ. በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ከፍ ከፍ ያሉ ትናንሽ ድልድዮች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል፤ ጎማው አብቅቷል ማለት ነው። ለዝናብ ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ መቀየር ይሻላል። ቦዩ ውኃውን የሚያስወጣበት ነው፤ እሱ ከጠፋ ጎማው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል።

3ኛ. ነፋሱን ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካ። ልኩ ብዙ ጊዜ የሹፌር በር ሲከፈት ተለጥፎ ይገኛል። ስኮርታውንም አትርሳ።

4ኛ. ውርጭ ባለበት ወቅት ሱብሂን ሰግደህ ወዲያው አትነሣ፤ ፀሐይ መንገዱን እስክትነካው ቁርስህን ብላ። በረዶ ከያዘህ ድንገት ፍሬን አትርገጥ። ቀስ ብለህ ከኩርባ ራቅ ያለ ሰፊ ቦታ ያዝና ቁም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ይዘህ አትውረድ፤ በከባድ ማርሽ ውረድ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለተሳፋሪዎች። ጀናዛ ሲሆን፣ ኒካሕ ሲሆን፣ በሽተኛ ሆስፒታል ሲገባ ትንሽ መኪና ያለውን ወንድም ነው የምንጠራው። "ጀዛከላህ" ብለን እንወርዳለን። ጎማው በየጉዟችን እያለቀ መሆኑን ግን አንጠይቅም። የዚያን ቀን ቦይ ውስጥ ያስገባንን ወዳጃችንን በኋላ ስናነጋግረው ጎማ ለመቀየር ሦስት ወር እያጠራቀመ እንደነበር ነገረን። እኛ በነፃ ስንሳፈር እሱ በዝምታ ይጨነቅ ነበር። ጀመዓ ካልን፣ እንዲህ ላለው ወንድም ተዋጥቶ ቀርድ ሐሰን መስጠት ከሚያስመነዱን ሥራዎች አንዱ ነው። ቢያንስ የዚያን ቀን ከተሳፈሩት አምስት ሰዎች መጀመር ይቻላል። እኛ ጀምረናል።

ጠያቂው ወንድማችን የነጋዴውን ጎማ ተወው። ለስዊድኑ ወንድሙም "የኛ በረዶ ሌላ ነው፤ ጎማዬ ግን አልቆ ነበር" ብሎ ጻፈለት። ታላቅየው ለሁለት አዲስ ጎማ የሚሆን ላከለት፤ የቀረውን ሁለት ኢንሻአላህ ከጀመዓው ጋር እናያለን።

የፊታችን ጁምዓ ከመስጂድ ስትወጡ የራሳችሁንም፣ የምትሳፈሩበትንም መኪና ጎማ ጎንበስ ብላችሁ ዳስሱ። ከዚያ የጉዞውን ዱዓእ አድርጉ። አላህ መንገደኞቻችንን ሁሉ በሰላም ያግባልን።

ወላሁ አዕለም። ሹፌር ለሆነ ወንድማችሁ ሼር አድርጉለት።