«በ100 ዶላር መዝናናት ምን ኃጢአት አለው?» ለሚሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለትምህርት በመጣሁበት በሎስ አንጀለስ የፈተና ሳምንት ሲያልቅ ተማሪዎች መኪና ተጋርተው ወደ ላስ ቬጋስ መሄድ የተለመደ ነው። መንገዱ 4 ሰዓት ያህል ነው፤ ዓርብ ማታ ተነሥተው እሑድ ይመለሳሉ። ከሚሄዱት መካከል ማኅተብ ያሰሩ፣ በአገር ቤት መዝሙር ያጠኑ የእኛው ልጆች አሉ። እኔንም ጋብዘውኝ «አልሄድም» ባልሁ ጊዜ የሰጡኝ መልስ ይህን እንድጽፍ አስገደደኝ፦ «የምንይዘው 100 ዶላር ብቻ ነው፤ ሲያልቅ እንወጣለን። ሲኒማ ከመግባት በምን ይለያል?»

ሲኒማ የገባ ሰው ከሌላው ኪስ ምንም አይጠብቅም። ካዚኖ የገባ ግን ያልሠራበትን ሊወስድ ነው የገባው። የአሜሪካውን ሩሌት ተመልከቱ። ኳሷ የምታርፍባቸው 38 ቦታዎች አሉ፤ ከ1 እስከ 36፣ ዜሮና ድርብ ዜሮ። በሁሉም ላይ አንድ አንድ ዶላር ብታስይዙ 38 ዶላር ታወጣላችሁ፤ ኳሷ የትም ብታርፍ የሚመለስላችሁ 36 ነው። ሁለቱ የቤቱ ናቸው። ቤቱ ማጭበርበር እንኳ አያስፈልገውም። ታዲያ አሸንፎ እልል የሚለው ሰው የሚከፈለው ከማን ነው? አጠገቡ አንገቱን ከደፋው ነው እንጂ ከሌላ ከየት ይመጣል?

ደግሞስ ያ ሁሉ መብራት 100 ዶላር ይዞ ገብቶ በሚወጣ ተማሪ ይበራልን? ቤቱን የሚያቆመው መውጣት ያቃተው ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ በነጻ የሚቀዳው መጠጥ፣ በእርሱ የቤት ኪራይና በልጆቹ ምሳ ተከፍሎበታል። (መጠጡም ለፍቅር አይቀዳም፤ የሰከረ ሰው ሒሳብ አይዝም።)

አንዱ ወንድም «ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል» ብሎኛል። እውነት ነው፤ በማትያስ ምርጫ ጥለዋል (ሐዋ. 1፥26)። ነገር ግን ጸልየው ጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት ማትያስም ድካምንና መከራን ተቀበለ እንጂ የማንንም ገንዘብ አልወሰደም። በመጽሐፍ ሌላም ዕጣ አለ፦ ጭፍሮቹ ከመስቀሉ ሥር የጣሉት (ዮሐ. 19፥24)። እነርሱ የተጣጣሉት ዕርቃኑን በተሰቀለው ጌታ ልብስ ላይ ነው። ራሱን ቀና ያደረገ የተወጋውን ያያል፤ እነርሱ ግን ዓይናቸው ዕጣው ላይ ነበር። የካዚኖው ዕጣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል እናንተው ፍረዱ።

ከሁሉ የሚከፋው አድልዎአችን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በእግር ኳስ የሚወራረደውን የሰፈር ልጅ «ቁማርተኛ» እንለዋለን፤ እናቱንም እናጽናናለን። ሱፍ ለብሶ በቺፕስ የሚጫወተው የውጭ አገር ተማሪ ሲሆን ግን «ትንሽ ተዝናና» ይባላል። የሐዋርያት ቀኖና እንዲህ ያለ ልዩነት አያውቅም፤ ቁማርተኛው ኤጲስ ቆጶስም ቢሆን፣ ዲያቆንም ቢሆን ይተው ወይም ከሹመቱ ይሻር ይላል፤ አንባቢውን፣ መዘምሩንና ምእመኑንም በዚያው አንጻር ያስጠነቅቃል።

በላስ ቬጋስ ታክሲ እየነዱ፣ ሆቴል እያጸዱ በላባቸው የሚያድሩ ብዙ ወገኖች አሉን፤ ንግግሬ ከእነርሱ ጋር አይደለም። እንዲያውም ሌሊቱን ሠርተው ከሥራ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሱት እነርሱ ናቸው። በዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያናችን አለችና። 4 ሰዓት ነድተው የመጡት ተማሪዎች ግን እሑድ ንጋት ኪዳን ሲደርስ ወይ ተኝተዋል፣ ወይ የተረፋቸውን ይቆጥራሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።