ግምት ኪሳራ አያውቅም

ነጋዴ ግብር አይወድም ይባላል። ደመወዝተኛው ይለዋል፤ ሬዲዮው ይለዋል፤ በየግብር ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መፈክርም ዘወር አድርጎ ይለዋል። ለመሆኑ ግብር የሚወድ ማን ነው? ደመወዝተኛው እንደሆነ ግብሩ ገና ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ስለሚያልፍ መውደዱም መጥላቱም አልተፈተነም። እኔ በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ። ለዓመታት የመንግሥት ደመወዝ በልቼ፣ ዛሬ ደግሞ በሰሜን ወሎ፣ በቆቦ ከተማ ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጥሁ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሣሁ አድራለሁ። ክርክሬ ታዲያ ከግብር ጋር አይደለም፤ ከግምት ጋር ነው።

ደመወዝተኛ የሚከፍለው ካገኘው ላይ ነው። አዲስ ሱቅ የከፈተ ሰው ግን ያገኛል ተብሎ ከታሰበው ላይ ይከፍላል። አሳቢው ደግሞ እሱ ራሱ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ብቅ ብሎ መደርደሪያውን የቃኘ፣ ደንበኞቹን በዓይኑ የቆጠረ ኮሚቴ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ‹‹የቀን ገቢ ግምት›› የተባለው ነገር በአዲስ አበባ ያስነሣውን ጩኸት፣ በአምቦና በወሊሶ ያዘጋውን ሱቅ አንባቢ አይረሳውም። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ያወራው ስለ ገንዘቡ ብዛት ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ስሌቱ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ አነስተኛ ሱቅ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ገበያ ሲደምቅ፣ በቀን 1,500 ብር ይሸጣል እንበል። በቀሩት ቀናት የሚሸጠው 400 ብር ነው። በዓመት 300 ቀን ይሠራል። ኮሚቴው የመጣው በገበያ ቀን ከሆነ 1,500ን በ300 ያባዛና 450,000 ብር ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን 104 የገበያ ቀንና 196 ጭር ያለ ቀን ነው፤ ድምሩ 234,400 ብር። ትርፉ ከመቶ አሥር ነው ብንል፣ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ምጣኔ መሠረት በፊተኛው አኃዝ 5,370 ብር፣ በኋለኛው 1,806 ብር ይከፈላል። ባለሱቁ ያው፣ ዕቃው ያው፣ ዓመቱም ያው። የተለየው ኮሚቴው የመጣበት ቀን ብቻ ነው። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ይህን ልዩነት የዜግነት ግዴታ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ሕጉ ተሻሽሏል የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል አዋጅ ‹‹ሐ›› ይባል የነበረው ደረጃ ተነሥቶ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ‹‹ለ›› ውስጥ ተጠቃልሏል፤ ግብሩም የሚሰላው ከሽያጩ ተነሥቶ ነው። መልካም። ሽያጩን ግን የሚናገረው ማን ነው? መዝገብ የሌለው ሰው ሽያጭ ያው በግምት ነው የሚታወቀው። መዝገብ ቢኖረውም እንኳ፣ በሽያጭ ላይ የቆመ ግብር ወጪን አይጠይቅም። የቤት ኪራዩ እጥፍ ቢሆን፣ ከወልድያ ዕቃ የሚያመጣለት መኪና ሒሳቡን ቢሰቅል፣ ሽያጩ ካልተለወጠ ግብሩም አይለወጥም።

ከስሌቱ ሌላ ደግሞ የቀኑ ነገር አለ። የአነስተኛ ነጋዴ የግብር ወቅት ክረምት ነው፤ ‹‹ሐ›› የተባሉት ሐምሌ ሳያልቅ፣ ‹‹ለ›› የተባሉት እስከ ጳጉሜ 5 ክፈሉ ሲባሉ ኖረዋል። ለአዲስ አበባ ሰው ሐምሌ ከጥር የሚለየው በዣንጥላ ይሆናል። በራያ ቆላ ግን ሐምሌ ማለት ገበሬው በሚያዝያ የዘራውን ማሽላ እያየ፣ ለጤፍ በሬ እየጠመደ፣ የጎተራውን ታች የሚጠርግበት ወር ነው። እህሉ አውድማ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገንዘብ ወደ ከተማ የሚመጣው፣ ጫማ የሚገዛው፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ የልጆች ደብተር ዕዳ የሚከፈለው ያን ጊዜ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የደረሰው ገበሬ በሽንኩርቱ እጁ ይርሳል፤ እሱም ቢሆን የሚሸጠው በበጋ ነው። ስለዚህ ከዞብል ተራራ ማዶ ለማዶ ያለ ባለሱቅ በሐምሌ መሳቢያውን ቢከፍት የሚያገኘው የዱቤ መዝገቡን ነው። መንግሥት ግን ግብሩን በዱቤ አይቀበልም። ባለሱቁ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠናል፣ ወይ ለትምህርት መክፈቻ ዕቃ ሊያመጣበት ያኖረውን ይነካል። ደብተር ነጋዴ መስከረምን በባዶ መደርደሪያ ከተቀበለ ዓመቱ ሄደበት ማለት ነው።

የንጉሡን ዘመን አሥራት ላሞግስ አልተነሣሁም። ገማቹ እጁ ሲዘረጋለት የጌታውን ክምር አሳንሶ የድሃውን የሚያሳድግበት ጊዜ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በትግራይና በራያ ለተነሣው የቀዳማይ ወያኔ አመፅ የአስተዳደርና የግብር በደል አንዱ መንሥኤ እንደነበር ገብሩ ታረቀን የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን ጽፈዋል። ይሁንና ያ አሥራት እንኳ የሚለካው ዓይን በሚያየው ሰብል ነበር። አሥራት በ1960 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። ገማቹ ግን አልቀረም፤ ከአውድማው ወደ ሱቁ ተዛወረ እንጂ።

ከሁሉ የሚብሰው፣ ግምት ኪሳራ የሚጻፍበት ዓምድ የሌለው መሆኑ ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ትልቅ ነጋዴ የዘንድሮ ኪሳራውን ወደሚመጣው ዓመት አሻግሮ ከትርፉ ላይ እንዲያቀናንስ ሕግ ፈቅዶለታል። በግምት የሚከፍል ሰው ግን ከስሮ አያውቅም፤ ሊከስርም አይፈቀድለትም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ፣ በነሐሴ 2014 ዳግመኛ ሲያገረሽ፣ መደርደሪያው ተራቁቶ የጠበቀው ሰው ጥቂት አይደለም። ዕቃ እንደነበረው የሚያስረዳበት ወረቀት ያልነበረው ደግሞ ንብረቱን ሁለት ጊዜ ነው ያጣው፤ አንዴ ከመደርደሪያው፣ አንዴ ከመዝገብ።

እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ወገኖቼም መቀሰር አለብኝ። ‹‹ሽያጭን መጻፍ በራስ ላይ ምስክር መጥራት ነው›› የሚሉ ነጋዴዎች ሞልተዋል። ሱቅ እንደከፈትሁ አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ‹‹አንተ ልጅ፣ እስክሪብቶውን ሽጠው እንጂ አትጻፍበት›› ብሎኛል። ጨዋታው ያስቃል፤ ብልሃቱ ግን ለገማቹ በር መክፈት ነው። ያልተጻፈን ሽያጭ ባለሱቁ ሊቀንሰው፣ ገማቹም ሊጨምረው ይችላል፤ ከሁለቱ ማንኛው እንደሚረታ መንገር አያሻም። አቤት ለማለት ሲሄድ የሚቀረው መሐላ ብቻ ነው፤ አቤቱታ ሰሚው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ መሐላ ሲሰማ የዋለ ሰው ነው።

እኔ ሰማንያ ገጽ ደብተር በሦስት ዓምድ አስምሬ የሸጥሁትን፣ ያወጣሁትንና በዱቤ የሰጠሁትን ማታ ማታ እጽፋለሁ። ልጆቼ የወሰዱት እስክሪብቶ ሳይቀር ይጻፋል። ለራሴ ወርኃዊ ደመወዝ ቆርጫለሁ፤ ከዚያ በላይ ከመሳቢያው አይነካም። ከኅዳር እስከ ጥር ገንዘብ ሲገባ የግብሩን ድርሻ እያነሣሁ ለብቻው በባንክ አኖራለሁ። ባለቤቴ ያቺን ሒሳብ ‹‹የሐምሌ ተዝካር›› ትላታለች።

ይህ ሁሉ ግን ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ከሌለ በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው። አከራዬ ውሉ ላይ የሚጽፈውና እጁ ላይ የምቆጥርለት ገንዘብ አንድ አይደለም። እምቢ ብል ቤቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው ደጅ ቆሟል። ስለዚህ እኔ ያላወጣሁት መስሎ የሚታየው ወጪ፣ እሱ ያላገኘው መስሎ የሚታየው ገቢ ነው፤ ኮሚቴው ግን የእኔን መደርደሪያ ቆጥሮ በእሱ በር ዝም ብሎ ያልፋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወረዳው የትንሹን ነጋዴ ደብተር በጥቅምት አንዴ፣ በጥር አንዴ ተመልክቶ ማኅተም ይምታበት፤ ማኅተም ያለበትን ደብተር ኮሚቴ እንዳይሽረው ይሁን። ግብሩንም ለሁለት ከፍሎ አንዱን እጅ በጥር፣ አውድማው ሲጠረግ፣ ይቀበል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ማኅተም፣ አንድ ወንበርና ቀኑን የሚያሻሽል አንድ አንቀጽ ነው።