የአዋሽን ውሃ ለበጋ ስለ ማቆየት

በሐምሌና በነሐሴ በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሰፈርና በመርካቶ የቆርቆሮ ጣራዎች ላይ የሚወርደው ዝናም፣ በየመንገዱ ያገኘውን አፈርና ጥራጊ ሁሉ እየጠረገ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀልና ወደ ቆቃ ሐይቅ ይወርዳል። ከወራት በኋላ ደግሞ በቆቃ ዙሪያ በመስኖ የበቀለው ሽንኩርትና ቲማቲም በጭነት መኪና ወደ እኛው ከተማ ይመለሳል። ስለዚህ የአዋሽ ሸለቆ ገበሬ በበጋ ውሃ አነሰኝ ብሎ ሲጮኽ፣ ጩኸቱ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው የአዲስ አበባ ሰው ቢኖር፣ በሚያፈሰውም በሚበላውም በኩል የነገሩ ባለቤት መሆኑን ገና አልተገነዘበም ማለት ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ነውና፣ በአያያዙ ለሚደርሰው ጉዳት ከራሳችን በቀር የምንከሰው ማንም የለም። የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከ1.6 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ውሃ የሚይዝና 43 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዐቢይ ሥራ ነበረ፤ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራም ሆነ የመልካ ወረር ጥጥ በበጋ ተስፋ የሚያደርገው እርሱ ባጠራቀመው ነው። ይሁን እንጂ ክረምት በመጣ ቍጥር ከላይኛው አዋሽና ከሞጆ ወንዝ የሚወርደው ደለል በሐይቁ ሥር እየተኛ፣ ከመጀመሪያው መያዣው ከሩብ የሚበልጠውን ወስዶበታል። ግንቡ እንደ ቀድሞው ቆሟል፤ የጠበበው ሆዱ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀዬአቸው ሲያፈናቅል ያየን ሰዎች፣ ያው ወንዝ በግንቦት ለማሳ አልበቃ ሲል ብናዝን እንጂ ልንደነቅ አይገባንም፤ የሚያቆየው ስፍራ ያጣ ውሃ አስቀድሞ በጥፋት፣ ኋላም በጥማት ይመጣልና።

ቅዱስ መጽሐፍ ከጥጋቡ ዘመን ለረኃቡ ዘመን እህል ስላቆየው ስለ ዮሴፍ ሲነግረን ሰባኪዎች አብዝተው የሚያመሰግኑት የጎተራውን ትልቅነት ነው። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ከጎተራው አስቀድሞ የተደነገገው ሥርዓት ነው፤ ከጥጋቡ ዘመን ምርት አምስተኛው እጅ እንዲሰበሰብ፣ በየአገሩም የሚጠብቁት ሹማምንት እንዲቆሙ ረኃቡ ሳይገባ ተወስኖ ነበር። በእኛ ዘንድ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ስለሆነ ሹመቱ አልዘገየም፤ ከከሰም እስከ ተንዳሆም ሌሎች ግድቦች ተሠርተዋል። ሆኖም የውሃ እጥረት በተነሣ ቍጥር የሚቀርበው ምክር ሌላ ግንብ መገንባት ብቻ ሲሆን እሰጋለሁ፤ የተንዳሆ ግድብ ካለቀ በኋላ እንኳ የታሰበለት ማሳ ሁሉ ሳይለማ ብዙ ዓመት ማለፉን አይተናልና።

የእኔ አሳብ የውሃ ማጠራቀሚያ ዕቅድ ከግንቡ ሳይሆን ዝናሙ ከሚያርፍበት ደጋ ይጀምር ዘንድ ነው። በበቾ፣ በአድአና በሉሜ የሚኖር ገበሬ በየዓመቱ በጥር ለተፋሰስ ሥራ እየተጠራ እርከን በነጻ ጉልበቱ ይሠራል፤ እርከኑ ከሚያድነው አፈር ግን ከእርሱ ይልቅ የሚጠቀሙት ከታች ያሉት የሸንኮራ እርሻዎችና መብራት የሚያበሩ ከተሞች ናቸው። ፍትሕ ርትዕ ከተጠየቀ፣ ከኤሌክትሪኩና ከመስኖው ውሃ ከሚገኘው ገቢ የታወቀ ድርሻ ተቈርጦ ለዚህ ገበሬ ድካም ሊከፈል ይገባል። ደለሉን ከቆቃ ሐይቅ በመሣሪያ ማውጣት ወጪው እጅግ ከባድ ነው፤ አባ ሳሙኤልም በደለልና በቆሻሻ ተጐድቶ ለብዙ ዓመታት ሥራ ማቆሙ ለከተማችን ሰው በቂ ማስረጃ ነው።

ከቆቃ ግድብ በታች ላለው ሥራ ደግሞ ከጎጃም የምንማረው አለ። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል ለማልማት ሲታቀድ፣ ከግድቡ ሌላ የሌሊት ማጠራቀሚያዎች ተሠርተውለታል፤ ገበሬው ተኝቶ ሳለ በቦይ የሚወርደው ውሃ በእነዚህ ውስጥ ያድርና ቀን በየተራው ለማሳ ይለቀቃል። ወደ አዋሽ ስንመለስ፣ የቆቃ ውሃ የሚለቀቀው ለተርባይንም ጭምር ስለሆነ፣ የመብራቱ ሰዓትና የማሳው ሰዓት ሁልጊዜ አይገጥሙም። በወንዙ ግራና ቀኝ ባሉት ትንንሽ መስኖዎች አጠገብ እንዲህ ያሉ ኩሬዎች ቢቆፈሩ፣ ሌሊት አልፎ የሚሄደው ውሃ በከንቱ አይቀርም፤ ኃይለኛ ሞተር ያለው አስቀድሞ እየሳበ ሞተር የሌለውን ጎረቤቱን የሚያስቀርበት ግፍም ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ የምሻው የውሃው ክፍፍል አዋጅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በቆቃ ስንት ውሃ እንደ ተያዘ፣ ደለሉስ በዓመቱ ምን ያህል እንደ ወሰደ የተፋሰሱ መሥሪያ ቤት ለክቶ በጋዜጣና በሬዲዮ ይንገረን፤ ከዚያም ለመብራቱ፣ ለሸንኮራው፣ ለአነስተኛው ገበሬና ለአፋር አርብቶ አደር ከብቶች የሚደርሰውን ድርሻ በየወሩ ከፍሎ ያሳውቅ። ይህ ከመስከረም መጨረሻ ሳያልፍ ቢደረግ፣ ገበሬው የሽንኩርት ችግኝ ከማፍላቱ በፊት ስንት ጥማድ መሬት ማጠጣት እንደሚችል ያውቃል።